ዲምቱ የተነሣች ቀን

«ዲዴሳ ሞላ አሉ፣ መሻገሪያው ጠፋ፣
አንቺ ማዶ ሆነሽ እኔ ወዲህ ስለፋ፤
ውሃውም ይጎድላል፣ መንገዱም ይደርቃል፣
እም... እም... እምምም...»

አራተኛው ስንኝ የለም። ወልደገብርኤል የሚያውቀው እስከዚህ ነው። በልጅነቱ ወደ ጊምቢ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ከረጢት ተደግፎ ተቀምጦ ሳለ አንድ ቡና ጫኝ ሲያንጎራጉረው ሰማ፤ ሰውዬው መጨረሻውን ሳያደርሰው ዲዴሳ ድልድይ ላይ ወረደ፤ ዘፈኑም እንደ ደከመው እግረኛ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወልደገብርኤል ሦስቱን ስንኝ በአፉ ይላቸውና አራተኛውን በአፍንጫው ያልፈዋል። የጉቴ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሣ ያንጎራጉራል። ቺንጋው ሲበጠስ ያንጎራጉራል። ዱቄቱ እንደ ማለዳ ጉም ከቦት ጢሙ ነጭ ሲሆንም ያንጎራጉራል።

«ኦቦ ወልዴ፣ ዛሬስ አራተኛዋ ስንኝ ደረሰች?» ይሉታል እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች።

«መንገድ ላይ ናት» ይላል እሱ።

አባቱ ከጉራጌ አገር በእግራቸው መጥተው ነቀምቴ ላይ ጨውና ሻማ ቸርችረው ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ታላቁ ልጅ ወልደዮሐንስ ሱቁን ወረሰ፤ እስከ ዛሬም ከባንኮኒው ኋላ ነው። ታናሹን ግን አንድ ቀን ሚዛን ፊት አስቀምጠውት ወደ መርካቶ ዕቃ ሊያመጡ ቢሄዱ፣ ሲመለሱ ሚዛኑ በርጩማው ላይ ተፈታትቶ ብሎኑ ለብቻ፣ ሰንሰለቱ ለብቻ፣ ሳህኑ ለብቻ ተዘርግቶ አገኙት። «ለምን እንደሚያዘነብል ለማየት ነው» አላቸው። አባቱ አዩት፣ አዩትና፣ «ይሄ ልጅ ሚዛን አይይዝም፤ ሚዛን ይፈታል» ብለው ለመካኒክ ሰጡት። እንዲህ ሆኖ ነው ወልደገብርኤል የብረት ሰው የሆነ።

ሕይወቱ ሁሉ ግን ከአንዲት ብረት ጋር የታሰረ ነው። በንጉሡ ዘመን ጉቴ ላይ ሰፊ መሬት የነበረው አንድ ባለርስት ትራክተር ገዛ፤ ነጂው ወልደገብርኤል ሆነ። ትራክተሯ እንደ በርበሬ ቀይ ነበረች። ከአዲስ አበባ በአኖ በኩል ስትመጣ በየመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ ከሞፈሩ ቀና እያለ አያት፤ ጉቴ ስትደርስም ገበሬው በቋንቋው ዲምቱ አላት፣ ቀይዋ ማለቱ ነው፣ ቀይ ላም እንደሚጠራው። ስሟ ዲምቱ ሆኖ ቀረ። ወልደገብርኤል ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር። ማለዳ ማለዳ ጤዛው ሳይነሣ ዲምቱን አስነሥቶ፣ ጥቁሩን አፈር እንደ መጽሐፍ ገጽ እየገለጠ፣ ዘፈኑን እያንጎራጎረ ሲያርስ፣ ከዚያ በላይ ምን ሀብት አለ? ሚስቱን ሐረግወይንን ያጫት እንኳ በዲምቱ ላይ ተቀምጦ ነው። የጊምቢ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ወደ ጉቴ እንግድነት መጥታ ነበር። «ከእኔና ከእሷ የቱን ነው ይበልጥ የምትወደው?» ብላው ነበር ያኔ። «አንቺ ዘይት አትጠጪም» አላት። መልስ መሆኑን እስካሁን አልተቀበለችውም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የመሬት አዋጅ ታወጀ። ባለርስቱ ሄደ፤ መሬቱም ዲምቱም የገበሬ ማኅበሩ ሆኑ። አንድ ሁለት ክረምት አረሰች። ቀጥሎ ናፍጣ በኩፖን ሆነና ኩፖኑ ሳይደርሳት ቀረ። ባትሪዋም አንድ የሰልፍ ቀን ለድምፅ ማጉያ ተብሎ ተወሰደ፤ እንደወጣ ቀረ። ዲምቱ ከማኅበሩ አዳራሽ ኋላ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ቆመች። ሣሩ ጎማዋን ዋጠው፣ ቀይ ቀለሟ እንደ ደረቀ ቅጠል ተላጠ፣ ዶሮ መሪዋ ላይ ማደር ለመደ። ወልደገብርኤል ወፍጮ ቤት ገባ። ጧት ሲያልፍ ግን የጎማ መከላከያዋን ቸብ ያደርግና፣ «እንደምን አደርሽ» ይላታል። ለሰማው ሁሉም፣ «ሳምንት ስጡኝ፣ አስነሣታለሁ» ይላል። ይህን ሲል ዓመታት አለፉ፤ ነገሩ እንደ ዘፈኑ ሆነ፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ መጨረሻውን የሰማ የለም።

አንድ ሰኞ ጧት፣ የግንቦት ደመና ከወዲያ ከወዲህ ሲጠራራ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጨመዳ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ጨመዳ ስብሰባ ላይ «ጓድ» ነው፣ ከስብሰባ ውጭ «ኦቦ» ነው፤ በየትኛው እንደመጣ የሚታወቀው በኮፍያው ነው። የዚያን ቀን ኮፍያውን በእጁ ይዞታል።

«አካም ቡልቴ፣ ወልዴ።»

«ፈያ፣ ኦቦ ጨመዳ። ግባ፣ ዱቄት እንዳይነካህ እንጂ።»

«ዱቄቱስ ይሁን። ከአውራጃ ቃል መጥቷል። የቆመ ብረት ሁሉ ይሰብሰብ ተብሏል። ቅዳሜ መኪና መጥቶ ዲምቱን ጎትቶ ይወስዳል።»

ወልደገብርኤል እጁን ሰዶ የወፍጮውን ሞተር አጠፋ።

«ዲምቱ የቆመች ብረት ናት?»

«ታዲያ እየሄደች ነው እንዴ? እኔማ ተከራክሬያለሁ። በእግሯ የምትሄድ ከሆነች የማኅበሩ ናት፣ ትቅር አሉኝ። የማትሄድ ከሆነች ብረት ናት።» ጨመዳ ኮፍያውን አዟዟረ። «አንተም ታውቃለህ፣ ዘንድሮ የገንዲ በሽታ በሬ ፈጅቶብናል። የወርቂቱ ሁለቱም ሞቱ። የኔ አንዱ ቆሞ ማደሩን እንጃ። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል፤ መሬቱ ሳይታረስ ካለፈን በቆሎው የት ይዘራል? ያ ሁልጊዜ የምትለው ነገር...»

«ሳምንት ስጡኝ እል ነበር።»

«ይኸው ሳምንት። እስከ ቅዳሜ።»

«ሰኞ ተነሥቶ እስከ ቅዳሜ ሳምንት ይሆናል?»

«የአብዮት ሳምንት ነው» አለ ጨመዳ ኮስተር ብሎ። ከዚያ ራሱ ሳቀ።

ሴቶቹ መሃል ወርቂቱ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻዋን በሁለት በሬ ስታሳርስ የኖረች፣ ቁመቷ ረጅም፣ ምላሷም የማያጥር ሴት ናት። ገንዲ በሬዎቿን በተከታታይ ወሰዳቸውና መሬቷ ዘንድሮ እንደ ጠፍ ተቀምጧል። የእህል ቁናዋን ከመሬት አንሥታ ወልደገብርኤል ፊት ቆመች።

«ኦቦ ወልዴ፣ ያችን ዘፈንህን ሳትጨርሳት ብትሞት ግድ የለኝም። ይቺን ግን ጨርሳት።»

ሥራው በዚያው ከሰዓት ተጀመረ። ወፍጮውን ለረዳቱ ትቶ፣ ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውንና ቁልፎቹን በከረጢት ተሸክሞ ከዋርካው ሥር ሰፈረ። ሣሩን አጨደ፣ ዶሮዋን ይቅርታ ጠይቆ አስነሣ። የዱሮውን ናፍጣ አፈሰሰ፤ እንደ ጠላ አተላ ሆኖ ነበር። የናፍጣ መያዣውን ሰልባትዮ አጠበ፣ የናፍጣ ማጥሪያውን ፊልትሮ አጠበ፣ ከሲሊንደሮቿ ራስ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ አሳደራት። በማግስቱ በረጅም ቁልፍ ሞተሯን ቢያዞራት፣ እምቢ ትላለች ሲል፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ እያቃሰተች ዞረችለት። እሱም ተገረመ። ያ ሁሉ ክረምት ዘንቦባት ሆዷ እንዴት አልዛገም? ነገሩ ገረመው እንጂ አልመረመረውም፤ ደስ ያለው ሰው አይመረምርም። የጭስ መውጫ ማርሚታዋ በደረቀ እበትና ቅጠል ተደፍኖ ቢያገኘው ተርብ ይሆናል፣ ወይም የሰፈር ልጆች ይሆናሉ አለና በሽቦ ጠርጎ ጣለው።

ረቡዕ ዕለት ከመቀመጫዋ ሥር ያለውን የባትሪ ሣጥን ሊከፍት ጎንበስ አለ። ጆሮው ብረቱን ነካ። ዲምቱ ታንጎራጉራለች።

ሳላስነሣት ተነሣች ብሎ እጁን ከሣጥኑ ክዳን ላይ አደረገ። ብረቱ ሞቅ ብሎ በስሱ ይንቀጠቀጣል፣ ልክ ዱሮ ማለዳ ማለዳ እንደሚያውቃት። ዐይኑ እንባ አቀረረ። በዚያ እንባ ውስጥ ሆኖ ክዳኑን ብድግ አደረገ፤ የጉቴ ንብ ሁሉ ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ሲሮጥ ያየው ሁሉ ሳቀ፣ ያላየው ደግሞ ሲነግሩት ሳቀ። አንደኛዋ ቅንድቡን፣ ሌላዋ የላይ ከንፈሩን ነደፈችው። ወፍጮ ቤት ደርሶ በውሃ ሲታጠብ ሐረግወይን መጥታ አየችውና፣ «ሰውዬ፣ ማነህ?» አለችው።

ጃራን ማንም አልጠራውም፤ ራሱ መጣ። የወርቂቱ ወንድም ነው፤ ቀጭን፣ ጋቢው የቀፎ ጭስ የሚሸት፣ በየዛፉ ላይ ቀፎ የሰቀለ ንብ አርቢ። ከዋርካው ሥር ሲደርስ እንደ ለቀስተኛ ቆመ።

«ቀስ፣ ቀስ በል ኦቦ ወልዴ። አንተ ብረቱን ታውቃለህ፤ እነሱን የማውቃቸው እኔ ነኝ። ንብ ራሷ መጥታ ከሰፈረች እንግዳ ናት። እንግዳ ይለመናል እንጂ አይባረርም።»

«እኔንማ ሳትለምን ነው ያባረረችኝ።»

ጃራ በእጁ የያዘውን የሚጤስ ቅጠል እፍ እፍ እያለ ጭሱን አስገባ፣ ንቦቹ ወደ ጥግ አፈገፈጉ። ሣጥኑ ሙሉ የማር እንጀራ ነበር፣ ወርቅማ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ወልደገብርኤል በአንድ ዐይኑ፣ ሌላኛው አብጧልና፣ ቀረብ ብሎ አየ። የእንጀራው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«ጃራ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?»

«ነፋስ።»

«ነፋስ ቢላዋ አለው?»

«የዘንድሮ ነፋስ ምን የሌለው አለ?»

ጨመዳ ከኋላቸው ደርሶ ነበር። በዚህ ጊዜ ኮፍያው ራሱ ላይ ነው። «በማኅበሩ ንብረት ላይ የተገኘ ማር የማን ነው?» አለ።

«ንቦቹን ለስብሰባ ጥራቸው» አለው ጃራ ዘወር ሳይል። «ከመጡልህ የማኅበሩ ናቸው።»

ጨመዳ አሰበ፣ አሰበና ኮፍያውን አወለቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጃራ ንቦቹን እያባበለ፣ ለሕፃን እንደሚነገር በኦሮምኛ እያወራላቸው፣ ንግሥቲቱን አስቀድሞ ወደ ባዶ ቀፎ አስገባና ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀላቸው። ከዲምቱ እንዳይርቁ ነው አለ።

ዓርብ ጎማዎቿ ተለጥፈው ተነፉ፣ ናፍጣው ከወፍጮ ቤቱ ድርሻ ተቀንሶ ተሞላ፣ በናፍጣ መስመሩ የገባው አየር ተለቀቀ። የቀረው ባትሪ ነው። ነቀምቴ ድረስ ተጠየቀ፣ የለም። ያለ ባትሪ የማስነሻው ሞተሪኖ አይዞርም፤ ስለዚህ ዲምቱ ተጎትታ ነው የምትነሣው፣ ከአዳራሹ ኋላ እስከ ወንዙ ያለውን ቁልቁለት ይዛ። «ጎታች በሬ የለም» አለ ጨመዳ። «ሰውስ ሞቷል?» አለች ወርቂቱ። ለነገ ደቦ ተጠራ።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ወልደገብርኤል ቃል ከአፉ አመለጠው። «ነገ ዲምቱ ሳትነሣ እህል በአፌ አይዞርም፤ ለገብርኤል ስእለቴ ነው። ከዛሬ እራት ጀምሮ።»

ሐረግወይን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አንተ? ምሳ አንድ ሰዓት ካለፈብህ ከግድግዳ የምትጣላው? ደግሞ በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል? አገር ሁሉ ሲፈስክ አንተ ልትጀምር?»

«አንዴ ወጣ፣ ወጣ።»

«ገብርኤልም አልሰማሁም ይልሃል፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ግን ወጥቷል፣ ሰው ሰምቷል። ያን ምሽት እራቱን ጠረጴዛው ላይ አይቶት ብቻ ተኛ።

ቅዳሜ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር፣ እንደሚሰማ ሰው። ከጉቴም ከአካባቢውም ሰው መጣ፤ ገመድ ያለው ገመዱን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን፣ ሁለቱም የሌለው ድምፁን ይዞ። ወልደገብርኤል ባበጠ ፊቱ ከዲምቱ ላይ ተቀመጠ። መሪዋን ሲጨብጥ እጁ ራሱ አወቃት። ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኗን ረገጠ፣ «እንግዲህ» አለ።

ወርቂቱ ከፊት ሆና አወጣች፦

«ዲምቱ ያ ዲምቱ»

ሕዝቡ ተቀበለ፣ «ሀርኪሳ»፣ ጎትቱ ማለት ነው። ወፍጮ ቤት የሚያውቋት አማርኛ ተናጋሪ ሴቶች ደግሞ በመሃል ይጨምራሉ፦

«በሬያችን ቢሞትም አልሞተም ክንዳችን፣
ዲምቱዬ ተነሺ፣ ግቢ ከማሳችን።»

«ሀርኪሳ። ሀርኪሳ።»

ገመዱ ተወጠረ፣ ጎማዋ ከሰመጠበት ተነቀለ፣ ዲምቱ ቁልቁለቱን ያዘች። ወልደገብርኤል ፍሪሲዮኗን ለቀቀ። ድብ፣ ድብ፣ ድብ አለች። ሕዝቡ እልል ሊል አፉን ከፈተ። ዲምቱ ቆመች።

እንደገና ተጎተተች፤ እንደገና ድብ ድብ አለችና ዝም። አሁን ቁልቁለቱ አልቆ ወንዙ አጠገብ ደርሳለች፤ ወደ ላይ መልሶ የሚጎትታት ክንድ የለም፤ ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘርሯል። ይባስ ብሎ ከነቀምቴ በኩል የአውራጃው የጭነት መኪና ብቅ አለ።

ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ወርዶ ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ አደረገና የሠራተኛ ቃል ተናገረ፦ «ጥሩ ለፍታችሁባታል።» ወዲያውም ሰንሰለቱን ከመኪናው ያወርድ ጀመር። ወርቂቱ ገመዱን እንደያዘች ከዲምቱ ፊት ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ተነሽ እንጂ። እኔ የታዘዝኩትን ነው። ስጎትታት መንገድ ላይ ከተነሣች ደግሞ ዕድላችሁ ነው።»

«አንተ የምትጎትታት ወደ ነቀምቴ ነው። እኛ የምንጎትታት ወደ ማሳ ነው» አለችው።

ወልደገብርኤል ወርዶ የዲምቱን ጎማ ተደግፎ ቆሟል። ሆዱ ይጮሃል፣ እሱ ግን ናፍጣውን ከሰልባትዮ እስከ ሲሊንደር በዐይነ ሕሊናው ይከተለዋል። ናፍጣው ይደርሳል። አየር አልያዘም። ሞተሯ ይዞራል። ታዲያ ምን ሆንሽብኝ? የዓመታት ቃሉ ሁሉ፣ ያ «ሳምንት ስጡኝ» ያለው ሁሉ፣ እዚህ ወንዝ ዳር ሊቀር ነው። ሰውም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ አላዩትም፣ ሰማዩን አዩ።

ጃራ ብቻ ተጠጋው። በኮባ ቅጠል የጠቀለለውን ገለጠ፤ ከዲምቱ ሣጥን የወጣ የማር እንጀራ።

«ቅመስ። ልትወድቅ ነው።»

«ስእለት አለብኝ።»

«እህል ነው ያልከው። ማር እህል ነው?»

«ስእለት በጓሮ በር አይወጣም፣ ጃራ።»

«ቅመሳት ግድ የለም፤ የራሷ የዲምቱ ናት። እንደ ቀፎ ነው የያዝኳት፤ እነሱ ከሰፈሩባት ጀምሮ ክረምት ጠብታ እንዳይገባ ከኋላዋም ከአፍንጫዋም በእበትና በቅጠል ወትፌ፣ ለእነሱ ብቻ በር ትቼ...»

ወልደገብርኤል ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ከምኗም አልከኝ?»

«ከአፍንጫዋ። ያ ወደ ላይ የቆመው፣ ቆብ ያደረገው።»

«ጃራ፣ ዲምቱ የምትተነፍሰው በዚያ ነው።»

ጃራ ዲምቱን አያት፣ ወልደገብርኤልን አየው። «ብረት ይተነፍሳል?» አለ በቅን ልብ።

ከሣሩ ላይ መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። ወርቂቱ ገመዱን ጥላ ሆዷን ይዛ፣ «ወንድሜ ትራክተር አፍኖ ይዞ ኖሯል» ትላለች። ወልደገብርኤል ግን ዘሎ ሞተሩ ላይ ወጥቷል። የአየር ማጥሪያዋን ታችኛውን ሳህን አጥቦ ነበር፣ ላይኛውንም ቆብ ጠርጎ ነበር፤ በመሃል ያለውን ጉሮሮዋን ግን ማን ያስባል? ቆቡን ፈታ። የብረት ዘንግ አስገብቶ ሲወጋው እንደ ሸክላ የደረቀ እበት እየተፈረፈረ ወጣ፤ ቀፎ የሚታጠንበት ቅጠል ሽታም አብሮ ወጣ። ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ደረቅ ነው፤ ያ ሁሉ ዝናብ አልነካትም። የማርሚታዋ ውታፍም ትዝ አለው። ሆዷ ያልዛገው፣ ሞተሯ በመጀመሪያው ቀን የዞረችለት ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። ከላይ ሆኖ ጃራን አየው።

«ጃራ፣ አንተን ልምታህ ወይስ ልሳምህ?»

«ልትበላ ብትችል ይሻልሃል» አለ ጃራ፣ ማሩን መልሶ እየጠቀለለ።

የቀረው ዳገቱ ነው። ሾፌሩ ሲስቅ ከቆየበት ዐይኑን ጠረገና ሰንሰለቱን አነሣ። «ወደ ላይ መጎተት መቼም አልተከለከለም» አለ። «እስከ አዳራሹ ላውጣላችሁ። ቁልቁለቱ የእናንተ ነው። ካልተነሣች ግን መንገዴ በዚያው ነው።»

ዲምቱ ከመኪናው ኋላ ታስራ ዳገቱን ወጣች። ሰንሰለቱ ተፈታ፣ ገመዱ ታሰረ። ሾፌሩም እጅጌውን ሰብስቦ ከገመዱ ጫፍ ያዘ፣ ማንም አላዘዘውም። ጨመዳ ኮፍያውን የት እንደጣለው አያውቅም። ጃራ ከሁሉም ፊት ነው።

«ዲምቱ ያ ዲምቱ»

«ሀርኪሳ»

ወልደገብርኤል ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ፍሪሲዮኗን ለቀቀ። ድብ፣ ድብ። አንዴ ሳለች። ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ቡልቅ አለ። እንደገና ሳለች። ከዚያ፣ እንደ አሮጌ ዘፋኝ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጠርጋ፣ ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ አለች፤ ምድሩ ከሥር መለሰላት። ሕዝቡ ገመዱን እየጣለ ከመንገዷ ሸሸ። ጭሱ ሰም ሰም ይሸት ነበር። እልልታው ከወንዙ ማዶ ተሰማ።

«በል፣ በል አሁን» አለች ሐረግወይን አጠገቧ እየሮጠች። «ስእለትህ ደርሷል፤ ውረድ።»

«አልወርድም።»

«ምን?»

«ባትሪ የላትም። ከጠፋችብኝ ማን ይጎትታታል? መሬቱ ይቅደም።»

እንዲህ ሆኖ ወልደገብርኤል ባዶ ሆዱን ወደ ወርቂቱ ማሳ ነዳ። ማረሻዋ ከአዳራሹ ወጥቶ ተገጠመላት፣ ሞተሯ ሳይጠፋ። አፈሩ ተገለጠ፣ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚተነፍስ። ወፎች ከኋላው ሰፈሩ። ወርቂቱ ከማሳዋ ጫፍ ጎንበስ ብላ እርጥቡን አፈር በእፍኟ አነሣች። ሾፌሩ መኪናው ላይ ወጥቶ ለጨመዳ፣ «ለአለቆቼ ምን ልበል?» አለው። «በእግሯ ሄደች በላቸው» አለ ጨመዳ። ሾፌሩም ጃራ የሰጠውን የማር ጥቅል መቀመጫው ላይ አስቀምጦ ባዶውን መኪና ወደ ነቀምቴ መለሰ።

የወርቂቱ አለቀ፤ የጎረቤቷም ተጀመረ። ፀሐይ ወደ ዲዴሳ ስታዘነብል ወልደገብርኤል ዲምቱን ከቁልቁለቱ ራስ አመጣት። አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ፣ ድንጋይ ከጎማዋ ሥር አስገብቶ፣ እጁን ማጥፊያዋ ላይ አደረገ። አጠፋት። ጸጥታው ጆሮ ላይ ጮኸ።

«ሰኞ እንጠራታለን» አለ። «መንገዷን ታውቃለች።»

ከዋርካው ሥር ቁርበት ተነጥፏል። ወርቂቱ ከመስቀል ጀምሮ ለክፉ ቀን መሬት ውስጥ ያስቀረችውን የአንጮቴ ሥር ቆፍራ፣ ቀቅላ፣ ልጣ፣ በንጥር ቅቤ አሽታ በትልቅ ገበታ አመጣችው። ወለጋ ውስጥ አንጮቴ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚሰጥ ምግብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

«ምኔ ተሰበረ?» አለ ወልደገብርኤል እጁን እየታጠበ።

«ፊትህን አላየኸውም?» አለችው ወርቂቱ።

ሐረግወይን ውሃውን እያፈሰሰችለት ነው። ውሃው ከጣቱ ላይ ጥቁር ዘይት ይዞ ይወርዳል። እሱ ሳያስበው ጀመረ፤ ዲዴሳ ሞላ አሉ፣ መሻገሪያው ጠፋ። ሁለተኛውን አለ። ሦስተኛውን አለ። አራተኛው ጋ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ በአፍንጫው ሊያልፈው ሲል፣ ሐረግወይን ዐይኗን ከማስታጠቢያው ሳታነሣ በቀስታ አወጣችው፦

«ለቆመ ነው እንጂ፣ ለሄደ መች ይርቃል።»

እጁ እንደ ረጠበ አየር ላይ ቀረ።

«ታውቂው ነበር?»

«ቡና ጫኝ ሲዘፍን ሳይሰማ ጊምቢ ያደገ ማን አለ?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ማንጎራጎሩን ትተወው ነበር» አለችው፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል እያደረገች። «እኔ ደግሞ በሩ ላይ መድረስህን የማውቀው በምን ነበር?»

ከዋርካው ላይ የጃራ ቀፎ ያንጎራጉራል። ገበታው ቀርቧል፣ ቅቤው ይሸታል፣ ሁሉም ወልደገብርኤልን ብቻ ይጠብቃል። ጎንበስ ብሎ ከቁርበቱ ላይ ቁጭ አለና የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጠ።